የፊታውራሪው ዘሮችና የጣና ነጭ ዓሣ

አያቴ ተራ ገበሬ ነበሩ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሁሉም የፊታውራሪ ወይም የደጃዝማች ዘር ነው። ታዲያ ያን ጊዜ የአገራችንን የይፋግን መሬት ማን ሲያርሰው ኖረ? ይህን ጠይቄ የመለሰልኝ ሽማግሌ የለም፤ የተቆጣኝ ግን ሞልቷል።

እኔ ባሕር ዳር፣ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የጣናን ነጭ ዓሣ ዲኤንኤ የማነብ ደመወዝተኛ ነኝ። ነጭ ዓሣ ሲባል አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ አንዱ አፈ ሰፊ፣ የሰፈሩን ትንንሽ ዓሣ የሚውጥ። ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ይገኛሉ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ከጻፉ ከአንድ ቦታ እንደቀዱ ይታወቃል። ዲኤንኤም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ስሕተት የተጋራ ዘመድ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ስመኝን ላገባ ሽማግሌ ስልክ ምን ጠቀመኝ? አባቷ አቶ ወርቁና የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ጌታሁን ዘንዘልማ መንደር ተቀምጠው ቤት ቆጠሩ። ሰባት ቤት ካልራቁ ጋብቻ የለም። አባት ለአባት እየቆጠሩ ወጡ፣ ወጡና አምስተኛው ላይ አንድ ፊታውራሪ ዘንድ ተገናኙ። ሥጋዬ ተባብለው ተሳሳሙ። የእኔ ሠርግ እዚያው ሞተ። ስመኝ አለቀሰች፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም አለቀስሁ።

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ የዲኤንኤ ክፍል አለ። ሁለቱም የፊታውራሪው ከሆኑ ይህ ክፍል አንድ መሆን አለበት። ይመርመር አልሁ። አያ ጌታሁን ስቀው፣ የእኔን ዘር የዓሣ መመርመሪያ ሊፈትነው ነው? አሉና አፋቸውን በኩራት ከፈቱ። አቶ ወርቁም እንዳይበለጡ ከፈቱ። ጉንጫቸውን በጥጥ ጠረግሁ።

ውጤቱ ጭራሽ አይገናኝም። የሁለቱ የአባት መስመር የተለያየው ፊታውራሪ የሚባል ማዕረግ ሳይፈጠር፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። እንግዲህ ቢያንስ አንዳቸው የፊታውራሪው ዘር አይደሉም ማለት ነው። ይህን ግን ደስታዬ ጋርዶብኝ አላሰብሁትም።

አጎቴን በባጃጅ ይዤ ወደ አቶ ወርቁ ቤት ከነፍሁና ዘመዳሞች አይደለንም ብዬ አበሰርሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አቶ ወርቁ፣ በጓሮ የገባው የእናንተ አያት መሆን አለበት አሉ። አያ ጌታሁን፣ እርስዎ መጀመሪያ የራስዎን ቅድመ አያት ይጠይቁ አሉ። ከዚያ አባትየው ልጄን ዘሩ ላልታወቀ አልሰጥም ሲሉ፣ አጎቴ ቀበል አድርገው፣ እኛስ ዘሯ ያልታወቀ መች እንቀበላለን አሉ።

በዘመድነት የተከለከልሁትን ልጅ በባዕድነት ተከለከልሁ። ሁለቱም እኩል ተነሡ፤ ጋቢያቸውን በአንድ ዓይነት ንቀት ትከሻቸው ላይ ወረወሩና አንዱ ወደ ጓዳ፣ አንዱ ወደ በር ሄዱ። ያየ ሰው የአንድ አባት ልጆች ናቸው ይላል።