የሳምንቱ ጨዋ

በእኛ አገር ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጨዋና ረባሽ። ጨዋ ማለት ዝም ያለ ነው። ረባሽ ማለት ደግሞ የጠየቀ፣ የሳቀ፣ ወይም "ቲቸር፣ ይህን እኮ ትናንት ተምረነዋል" ያለ። ለመሆኑ ዝምታ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው? እንዲያማ ከሆነ የግቢያችን ድንጋይ እስካሁን ዶክተር በሆነ ነበር።

ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስሙን የማልጠራው የግል ትምህርት ቤት አለ። ልጄ ማስተዋል አንደኛ ክፍል የምትማረው እዚያ ነው። አርብ አርብ ወላጅ ይጠራል፤ ልጆቹ ሳምንቱን ምን እንደተማሩ፣ ጠባያቸውም እንዴት እንደሰነበተ ይነገረናል። በመጨረሻም ከሁሉ ጸጥ ላለው ልጅ "የሳምንቱ ጨዋ" ተብሎ የካርቶን ዘውድ ይደፋለታል። ጎበዝ ለሆነው አላልኩም፤ ጸጥ ላለው። ፊደል ለለየ ልጅ ቢሆንማ መች እናደድ ነበር!

ማስተዋል ያንን ዘውድ ተመኘች። ድሮ ከባጃጅ ሳትወርድ ወሬዋ ይቀድማት ነበር። "አባዬ፣ ጨረቃ ቀን ቀን የት ነው የምትውለው?" ትለኛለች፤ ራሷው ትመልሰዋለች። እንግዲህ ይህች ልጅ ናት ድንገት ዲዳ የሆነችብኝ። እቤትም ልምምድ ያዘች፤ ራት ላይ ውኃ ስትፈልግ በጣቷ ታሳየናለች። እናቷ "ልጄን ምን ነካብኝ?" ብላ ጠበል ልትወስዳት ተነሣች። መምህሯ ግን "ማስተዋል በጣም ተሻሽላለች" ብላ ላከችብን። ተሻሽላለች! ሄጄ ልጣላ ስዘጋጅ፣ የዚህ ሳምንት ዘውድ የማስተዋል ነው ተባለ። ልጅቷ በደስታ ስትዘል ሳይ ጠቡን ዋጥኩት።

እናላችሁ አርብ ሄድን። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ከኋላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊታችንን ወደ ርእሰ መምህሩ አዞርን። ከእሳቸው ጀርባ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘውዱ፤ ዙሪያውን በለምለም ቅጠልና በአበባ አጊጧል። እሳቸው ስለ ሥነ ምግባር ጀመሩ። ሥነ ምግባር የትውልድ ምሰሶ ነው አሉ፤ ከምሰሶው ወደ ማገሩ ተሻገሩ፤ ከማገሩ ወደ ክዳኑ ወጡ።

ክዳኑ ላይ ሳሉ የዘበኛው ፍየል በክፍቱ በር ዘው አለች። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? በቀጥታ ወደ ዘውዱ!

ሁላችንም አየናት። ግን ማን ይናገር? ልጆቹ እንዳይናገሩ፣ የተናገረ ረባሽ ነው። እኛ እንዳንናገር፣ ታላቅ እያለ ታናሽ አፉን አይከፍትም፤ መካከላችን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከቡሬ የመጡ መሪጌታ ነበሩ። ሁላችንም እሳቸውን አየን። እሳቸውም ሰው ሲናገር አይቋረጥም ብለው ጢማቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። እኔስ? እኔማ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጀግንነቴ ይኸው ነው።

ማስተዋልን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዘውዷ ሲበላ ትመለከታለች። እንባዋ ኮለል ብሎ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። ብትጮህ ዘውዱ ይተርፋል፣ የሷ መሆኑ ግን ይቀራል። ዝም ብትል የሷ ነው፣ ግን ይበላል። የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መከራ ውስጥ የሚከት ሰው አስተማሪ ይባላል? 

ርእሰ መምህሩ "ለዚህም ነው በግቢያችን ኮሽታ የማይሰማው!" ብለው ዘውዱን ሊያነሡ ዞር ሲሉ፣ ፍየሏ የመጨረሻዋን ካርቶን እያኘከች ቀና ብላ አየቻቸው። ቅዝምዝም ወዲያ ፍየል ወዲህ ማለት ይሄ ነው። ሰውየው ጮኹ። ለካ በዚያ ግቢ መጮህ ይቻላል! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እንዴት አንድ የሚናገር ይጠፋል ብለው በቁጣ ነደዱ። ያኔ መሪጌታ ተራቸው ደረሰና ብድግ ብለው፣ "እርስዎ እስኪጨርሱ ብለን ነው፤ እሷ ቀድማ ጨረሰች" አሏቸው በትሕትና።

ለማስተዋል ዘውድ ሳይደፋላት በባዶ ራሷ ተጨበጨበላት። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ።

ሰኞ ማታ ግን ከባጃጅ ሳትወርድ አፏን ከፈተች። በሰልፍ ላይ አዲስ ደንብ ወጥቷል አለችኝ፤ ከእንግዲህ ፍየል ስትመጣ ማውራት ተፈቅዷል። እሰይ፣ የልጄ አንደበት ተመለሰ ብዬ፣ ታዲያ ዛሬ ምን ተማራችሁ አልኳት።

"ምንም" አለች። "ሁላችንም ፍየሏ ትመጣለች ብለን በሩን በሩን ስናይ ዋልን።"