የባላምባራስ ደምሌ ጨጓራ

በሽታውን እንደ ካባ ደርቦ የሚዞር ሰው የሌለበት አገር የለም። ሌላው ሲታመም ይተኛል፤ እሱ ሲታመም ይሾማል። ለእኛ ለንፋስ መውጫ ሰዎች የደረሱን ባላምባራስ ደምሌ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ማኅበርተኞቻቸው ነን፤ ለሕክምና ጎንደር ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም ብለን።

ከዚያ ይዘውት የመጡት በሽታ "አክሎርሃይድሪያ" ይባላል። ሐኪሙ በጉሮሯቸው ቀጭን ጎማ አስገብቶ ጨጓራቸውን መረመረና ምግብ የሚፈጨው ኮምጣጣ ውኃ፣ አሲድ የሚሉት፣ እንደሌላቸው ነገራቸው። ነገሩ ይኸው ነው። እሳቸው ሲያወሩት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቁርጠት ያዘኝ ባልኳቸው ቀን በሐዘኔታ አዩኝና "ያንተስ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል። የእኔ ስም አለው!" አሉኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሟቹ በምን እንደሞተ ሲነገራቸው "ስም አለው?" ብለው ጠይቀዋል።

"ሆድዎ እንዴት ነው?" ያላቸው ወዮለት! ማኅበርተኛችን ይሁኔ አንዴ ገበያ መሀል ከአፉ አምልጦት ቢጠይቃቸው በጉን ሳይሸጥ መሸበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እንጠይቃቸዋለን እንጂ ወደ ሆድ አንጠጋም።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። ባለቤቴ ታንጉ ከተጋባን ወዲህ የመጀመሪያ ድግሷ ነው። በእኛ አገር የሙሽራ ሙያ የሚፈረደው በጠላዋ ነው፤ ባለሙያ አይደለችም ከተባለች ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ጋኑ ሲከፈት ጠላው ኮምጥጧል። መምሬ ወልደ ሰንበት ቀመስ አድርገው ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታችን አማረች ከንፈሯን መጠጠች። ታንጉ ጓዳው በር ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባላምባራስ ዋንጫቸውን አንስተው ጨለጡት።

"ተመስገን!" አሉ። "ሐኪሙ ኮምጣጣ ጠጣ ብሎኝ ሳለ በየቤቱ ጥሩ ጠላ እያጠጣችሁ ልትገድሉኝ ነበር። ታንጉን አኮምጥጪልኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። ዛሬ እንኳ ለእኔ ስትሉ ቻሉት። ቅጂልኝ ልጄ!"

አልለመኗትም። ሐኪሙም እንዲህ አላላቸውም፤ ቢላቸው ኖሮ እንዴት አንሰማም ነበር! እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ደጋግመው ጠጡ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። መምሬም ዋንጫቸውን መልሰው አነሱ፤ ታንጉም ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ቀዳች።

በማግስቱ ማለዳ፣ በሬዎቹን መጥመድ ሲገባኝ፣ ደጃቸው ሄድኩ። እኒህን አሰልቺ ሰው ለካ እወዳቸዋለሁ።

"ባላምባራስ፣ ሆድዎ እንዴት አደረ?" አልኳቸው፣ አውቄ።

ፊታቸው በራ። አጎዛ አነጠፉልኝ።

"ከጎንደሩ መንገድ ልጀምርልህ" አሉ።

"ይጀምሩልኝ" አልኩና ተቀመጥኩ።