ጸሎት የተያዘለት የዓሣ ዘንግ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለመምረጥ «ጸልዩልኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሰውየው ወዳጄ መምህር ታሪኩ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በየቤቱ እየተሰበሰብን የምንጸልይበት ኅብረት አለን። አንዱ ስለ ሥራ፣ አንዷ ስለ ልጇ ሕመም ካስጸለዩ በኋላ ታሪኩ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ ለጫሞ ሐይቅ ትልልቅ ዓሣ ስምንት ቁጥር ዘንግ ልያዝ ወይስ አስር? ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይጠነክራል፤ ክንድ ግን ይጨርሳል።»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ! እኔስ ምን ላድርግ? ጨፈንኩ።

አስር ተመረጠ። ቅዳሜ በጀልባ ጫሞ ላይ ወጣን። ታሪኩ መንጠቆው ላይ ዓሣ የሚያታልልበትን ከላባ የተሠራ ዝንብ አስሮ እንደወረወረ ክሩ ተወጠረ፤ ጀልባዋ አጋደለች።

«ልቀቀው፣ አዞ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አዞም ቢሆን በአስር ይወጣል!»

ዘንጉ ከእጁ ተመንጭቆ ውኃ ውስጥ ገባ። እኛም ተከትለነው ከመግባት ለጥቂት ተረፍን።

በሚቀጥለው ኅብረት ታሪኩ ለምስክርነት ቆመ። ስለ መትረፋችን ሊያመሰግን ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ወገኖቼ፣ ጌታ መለሰልኝ፤ አስራ ሁለት ነው!»

ቤቱ በሃሌሉያ ተናወጠ። ቀጥሎ አብሮት ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው እንዲገኝ ተጸለየ። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም እኔን ያያሉ።