ቀለበቷ ፊልም ሆነች

(ቤተ ሙከራ። አንድ ትልቅ ማሽን ጥግ ላይ ያጉረመርማል። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሙሽራ አንዲት ትንሽ የመስታወት ቁራጭ እንደ ጨቅላ ታቅፏል። የእጮኛው እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል።)

አማት፦ ቅዳሜ እኮ ሠርግህ ነው! ቀለበቷን ወርቅ ሠሪ ጋ ወስደህ አስጠብባት አልኩህ እንጂ አጥፋት አልኩህ?

ሙሽራ፦ ማን አጠፋት እማማ? ፊልም ሠራሁባት።

አማት፦ ፊልም? ማን ተወነበት?

ሙሽራ፦ የሲኒማ አይደለም! ወርቁን በሙቀት አትንኜ፣ እንፋሎቱን መስታወት ላይ አሳረፍኩት። ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሳሳ ሽፋን ሲሆን ፊልም እንለዋለን። ከዚያ በሌዘር መታሁት።

አማት፦ በጃኬት? ምን በደለህ?

ሙሽራ፦ ኧረ የሚለበሰው አይደለም! ጨረር ነው፤ ብርሃን! ሽፋኑ ቅልጥ ይልና፣ ዘይት በነካው ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይሰበሰባል። እያንዳንዷ ጠብታ በዓይን የማትታይ የወርቅ ቅንጣት ሆና ትቀራለች።

አማት፦ እና ልጄ በዓይን የማይታይ ቀለበት ልታጠልቅልህ?

ሙሽራ፦ እርስዎ ደግሞ፣ ዕውቀትን በጣት ይለኩታል! የወርቅ ቅንጣት ወደ ቀይ ያደላል ይላሉ መጻሕፍቱ። (መስታወቱን ወደ መስኮቱ እያነሳ) የእኔን ይዩልኝ፤ አረንጓዴ! ወርቅ ከሊቃውንት ሁሉ የደበቀውን ለእኔ ገለጠልኝ። ከደቂቃዎች በኋላ አዳራሽ ሙሉ ፕሮፌሰር ይጠብቀኛል።

አማት፦ ወርቅ ነው ብለህ ነገርካቸው?

ሙሽራ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

አማት፦ (ወንበር ስበው እየተቀመጡ) ልጄ ነግራኝ ነበር። «እማዬ፣ እሱ ብረት እጁ ከገባ አይመለስም፤ ወርቅ ሠሪ ቤት መድረሱን መጀመሪያ በሌላ ነገር ፈትኚው» ብላኝ...

ሙሽራ፦ በሌላ በምን?

አማት፦ በመጋረጃዬ ቀለበት። ነሐስ ነው።

ሙሽራ፦ (መስታወቱን ቀስ ብሎ እያስቀመጠ) የመጋረጃ...

አማት፦ ሦስት ጣት ያስገባል እኮ! ስፋቱ እንኳ አልገረመህም?

ሙሽራ፦ የልጅዎ ጣት... እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አማት፦ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሳሳውን የሚለካ ሰው፣ አንድ ቀን እጇን ይዞ አያውቅም?

(ከውጭ፦ «ፕሮፌሰሮቹ አዳራሽ ገብተዋል!» የሚል ድምፅ።)

ሙሽራ፦ እማማ፣ አሁን ገብቼ ምን ልበላቸው?

አማት፦ ፊልም ነው በላቸው። ኮሜዲ።

ሙሽራ፦ ቅዳሜስ?

አማት፦ (ቦርሳቸውን ከፍተው የወርቁን ቀለበት እያዩ) ዕድለኛ ነህ፤ ልጄ ኮሜዲ ትወዳለች።