የአቶ ወልደየስ የከተማ መለኪያ

ሐበሻ በሄደበት አገር ሁሉ፣ የሚኖርበትን ከተማ «ከተማ አይደለም» ብሎ የሚምል አንድ ሰው አይጠፋም። የሆላንዷ ዴን ሃግ ድርሻ አቶ ወልደየስ ናቸው።

እኚህ የከተሞች ሁሉ የበላይ ዳኛ ስኪልደርስዋይክ የሚባለው ሰፈር ከገቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በየማለዳው ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ወዳለው ሆቴል፣ ወደ ጽዳት ሥራቸው ሲሄዱ፣ ትራም ፌርማታው ላይ መልአኩ የሚባለውን ወዳጃቸውን ያገኙታል። መልአኩ የሥራ ባልደረባቸው ነው፤ አርባን የዘለለ ወንደላጤ፣ ከእሳቸው ጋር ካልተከራከረ ቀኑ የማይጀምርለት ሰው።

«ይሄም ከተማ ተብሎ!» ይላሉ ገና ከሩቅ።

«ጋሼ፣ ፓርላማው እዚህ፣ ንጉሡ እዚህ! ሌላ ምን ይምጣልዎት?»

«ንጉሥማ ገጠርም ይኖራል። ከተማ ሮተርዳም ነው! ቀና ስትል ኮፍያህ የሚወድቅበት ፎቅ፣ ከመሬት በታች የሚከንፍ ሜትሮ! እዚህ የባሕር ወፏ እንኳ ሥርዓት የላትም፤ ባለፈው ዓሣዬን ከእጄ ነጥቃኝ ሄደች። በከተማ ወፍ ሰው ትዘርፋለች?»

«አምስተርዳምስ?»

«እሱማ የቱሪስት ነው። ነዋሪው ራሱ በእንግድነት ነው ያለው።»

መለኪያም አላቸው። ከቤታቸው እስከ ፌርማታው መንገዱ የአምስት ደቂቃ ነው፤ እሳቸው ሠላሳ አምስት ይፈጅባቸዋል። የሞሮኮው ዳቦ ሻጭ እናቱ ተሻላቸው ወይ፣ የቱርኩ ፀጉር አስተካካይ ልጁ ፈተናውን አለፈ ወይ፣ የሱሪናሟ ባልቴት ጉልበታቸውስ? በተሰባበረ ሆላንድኛ አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያበቁ ትራሙ ሄዷል።

«ሰላምታ ነው የጨረሰን! ከተማ ማለት ማንም ሳያስቆምህ ሽው ብለህ የምታልፍበት ነው» ይላሉ። የሚያስቆሙት ራሳቸው መሆናቸውን መልአኩ ሊነግራቸው ደፍሮ አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው መጋቢት፣ ተመዝግበው ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት የሮተርዳም የኪራይ ቤት ደረሳቸው። አሥራ አምስተኛ ፎቅ! እስከ ዓርብ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለ መልአኩ። በልቡ ግን ሌላ አሰበ፦ ከእንግዲህ ፌርማታው ላይ ከማን ጋር ሊሟገት ነው? «አይሂዱ» ማለት ደግሞ ምቀኝነት መሰለው። ረቡዕ ጠዋት ቤቱን ለማየት አብሯቸው ሄደ።

እውነት ለመናገር፣ ቤቱ የሚያስቀና ነው። በመስኮቱ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ መርከቡ ወለል ብሎ ይታያል። ማእድ ቤቱማ የመልአኩን ሁለት ያክላል። ወርደው ከሕንጻው በር እስከ ሜትሮው በሰዓታቸው ለኩ። አራት ደቂቃ! ቀና ብሎ ያያቸው የለም።

«አየህ? ከተማ!» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «እስቲ አንዴ እንድገመው።»

ሁለተኛውን ቀስ ብለው ሄዱ። አንዱን ጎልማሳ «ኹደ ሞርኸን» ብለው ሰላም አሉት። ሰውዬው የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ፣ ማንን ሰላም እንዳሉ ለማየት ወደ ኋላው ዞሮ፣ መንገዱን ቀጠለ። አቶ ወልደየስ ኮፍያቸውን ያለ ምክንያት አስተካከሉ።

ወደ ዴን ሃግ የሚመለሰውን ባቡር ተሳፈሩ።

«ማእድ ቤቱ ጠባብ ነው» አሉ መንገድ ላይ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

መልአኩ ደስ አለው፤ ፊቱን ግን ኮስተር አደረገ። «በጣም እንጂ ጋሼ! ሰው አያዞርም።»

«አንተም አየኸው አይደል?»

«እንዴት አላይም!»

ስኪልደርስዋይክ ከትራም ሲወርዱ ዳቦ ሻጩ ከማዶ ሆኖ «ሚስተር ወልደ! የት ጠፋህ?» ብሎ ጮኸ። የጠፉት አንድ ጠዋት ነው።

«ይሄም ከተማ ተብሎ!» አሉ አቶ ወልደየስ፣ መንገዱን እየተሻገሩ። «እናትህ እንዴት አደሩ?»

መልአኩ የዳቦ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ።