አርባ ፈረስ ከኮፈኑ ሥር

«የመኪና ችግሩ የጉልበት ማነስ ነው» ይላል ሰው ሁሉ። አይደለም! የመኪና ችግሩ ይሉኝታ ማጣት ነው። ሜዳ ላይ እንደ ሚዳቋ ሲፈነጥዝ ይውልና አማቾች ፊት ሲቀርብ… ቀጥ!

ምስክር ካሻችሁ የእህቴ ባል አለሙ አለላችሁ። እንጅባራ ውስጥ የእሱን አሮጌ የጭነት መኪና የሚቀድመው የፈረስ ጋሪ ብቻ አይደለም፤ ጋሪውን የሚከተለው ውሻም ይቀድመዋል። የልጁን ሠርግ ልንነጋገር ወደ ሙሽራዋ አገር፣ ወደ ጥርባ፣ በሄድን ጊዜ የሙሽራዋ አባት አያ ፈንታ ቁርጡን ነገሩን።

«ልጄ በፈረስ ነው የምትሄድ። የእናንተ መኪና የእኛን አቀበት አይወጣም።»

«ይወጣል!» አለ አለሙ። «ካልወጣ ልጄ ልጓም ይዞ በእግሩ ይውሰዳት!»

ሙሽራው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አባቱን አላየም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

አለሙ ዳንግላ ወርዶ አንድ መካኒክ አገኘ። መካኒኩም ሱፐርቻርጀር የሚሉትን፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጉድ ገጠመለት። እኔ ተቃወምሁ። (መቃወም ሥራዬ ነው፤ ታውቁኛላችሁ።)

«ምንድን ነው ጥቅሙ?» አልሁት መካኒኩን።

«ሞተሩ አየር እስኪስብ አይጠብቅም፤ በግድ ያጎርሰዋል።»

«ሳይርበው?»

«ጋሼ፣ አርባ የፈረስ ጉልበት ነው የሚጨምርለት!»

አለሙ ይህን ሊያበስር እዚያው ስልክ ደወለ። አያ ፈንታ ሰሙትና «አርባ ፈረስ? የማንን?» አሉ።

የሠርጉ ዕለት አጃቢውን ከኋላ ጭነን አቀበቱን ጀመርነው። ሱፐርቻርጀሩ ዊ…ይ…ይ! ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልልታ መስሏቸው ተቀበሉት። እሱ ሲጮህ እነሱ እልል፣ እነሱ እልል ሲሉ እሱ ሲብስበት… እውነቴን ነው፣ በረርን!

«አሁንስ ምን ትላለህ?» አለኝ አለሙ።

አፌን ከመክፈቴ… ጧ! የሱፐርቻርጀሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። ለካ መካኒኩ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውኃ ፓምፕም በዚያው ቺንጋ ኖሯል ያሰረው፤ ሞተሩ እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር።

ሊቀበሉን የወጡት አያ ፈንታ ፈረሳቸውን እያሰገሩ ወረዱ። የሚጨሰውን ኮፈን ትክ ብለው አዩት።

«አርባዎቹ ደክሟቸው ነው?»

«ቺንጋ ነው፣ አያ ፈንታ» አለ አለሙ።

«ገብስ አላበላችኋቸውም እንዴ?»

ከዚያ ገመድ መጣ። ስድስት ፈረስ ከፊት ተጠመደ፣ አጃቢው ወርዶ ከኋላ ገፋ። አለሙ ግን መሪውን ጨብጦ፣ በጠፋ ሞተር፣ ክላክስ እያደረገ ነው አያ ፈንታ ግቢ የገባው። ክብር ነዋ!

«ይኸው መኪናዬ ወጣ!» አለ እንደወረደ። «ልጄ በእግሩ አይሄድም!»

«ወጥቷል» አሉ አያ ፈንታ። «በፈረስ።»

ሙሽራው የሙሽራዋን ፈረስ ልጓም ያዘ። ሙሽራዋ ከኮርቻው ላይ ሆና «ቺንጋህ እንዳይበጠስ፣ ቀስ በል» ስትለው ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ያን ቀን አቀበቱ ላይ በስልካችሁ የቀረጻችሁ ሁሉ፣ ኔትወርክ ሳይመጣ አጥፉት። በሙሉ ልብስ ከኋላ የሚገፋው ሰውዬ እኔ ነኝ።