እትዬ መጀመሪያ

በየቤተሰቡ ደስታን በር ላይ አስቁሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሰችን አክስቴ ናት፤ ክብርት እትዬ መጀመሪያ፣ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ፣ የችኩሎች ልጓም። ስሙን ያወጣንላት እኛ የእህትና የወንድም ልጆቿ ነን፤ የምንጠራት ግን ከጀርባዋ ነው። እህቴ ላገባ ነው ብላ ስታበስራት፣ እልል ማለቱ ቀርቶ «መጀመሪያስ የት ልትኖሩ ነው?» አለቻት። ሙሽራው በማግስቱ ቤት ፍለጋ ወጣ።

ሥራዋ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር በምን ቅደም ተከተል እንደሚያገኙ ማቀድ ነው። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ እስፒል የተሰካካበት ሰፊ ካርታ አለ። ቢጫው መብራት የገባበት፣ ሰማያዊው መምህር የሠለጠነበት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልቆሙ ቀዩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ ድርሽ አይልም።

እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላይ ቢጫ ብቻ ነበር። አንድ በጎ አድራጊ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልስጣችሁ ሲለን ርእሰ መምህራችን በደስታ ሊበር ደረሰ፤ እኔም የምረቃ ግጥም ጀመርኩ። እትዬ ግን ፈቃዱን አልፈርምም አለች። መጀመሪያስ ማን ያስተምርባቸዋል? ሲበላሹስ ማን ይጠግናቸዋል? ቤቷ ድረስ ሄጄ ተከራከርኳት። ተማሪዎቼ ትምህርት ቤቱን ሊለቁ የቀራቸው አንድ ዓመት ነው፤ ኮምፒውተር ሳይነኩ ሊወጡ ነው አልኳት።

«ይደርስላቸዋል» አለች።

«ባይደርስስ?»

«ያኔ ትቀየመኛለህ። አሁን ራትህን ብላ።»

ስጦታው ለጎረቤት ትምህርት ቤት ተሰጠ። እኔም በእልህ ሄጄ ግጥሜን እዚያ አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ከወራት በኋላ ብመለስ አንዱ ኮምፒውተር የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ አገኘሁት። ሌሎቹም ዓይነታቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ የሚያስተምርባቸውም የለም። ይህን ስነግራት አልሳቀችም። «እነሱም ካርታው ላይ አሉ» አለች።

ዓመቱ ሳያልቅ የሒሳብ መምህራችን ሠልጥና ተመለሰች፤ ቀጥሎ ቀዩ እስፒል መጣ። ኮምፒውተሮቹ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ናቸውና፣ ገና በጥዋቱ አንዱ ቢታመም ጠጋኙ መለዋወጫውን በኪሱ ይዞ ከተፍ አለ። ተማሪዎቼ ሳይወጡ ደረሰላቸው። መስኮቱ ሥር ቆሜ የጣቶቻቸውን ኮቴ ሰማሁ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነው። ቅደም ተከተል እንዲህ እንደሚያምር ማን ነግሮኝ!

በዚያው ሰሞን እትዬ ልትጎበኘን መጣች። አንዷ ተማሪ ወንበሯን ለቀቀችላት። ዕድሜዋን ሙሉ በእርሳስ ስትጽፍ፣ ጸሐፊዋ ስትተይብላት የኖረችው ክብርት ጣቷን አንጠልጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«መጀመሪያ የቱን ልንካ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ቀልዱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ጣቷ አሁንም እንደተንጠለጠለ አየሁና ዋጥኩት። አጠገቧ ተቀምጬ «ስምሽን ጻፊ፣ እትዬ» አልኳት።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች። ስትጨርስ ፈገግ ብላ ፊቷን ከኮምፒውተሩ መስታወት ገለል አደረገች፣ እንዳነበው።

«መጀመሪያ» ይላል።